መኪናዬ እኔን ሰክታ ያደረችበት ሌሊት

ማታ በሕልሜ መኪናዬ እኔን ሰክታኝ አደረች። እናንተ ሳቁ፤ እኔ ግን ከነቃሁ ጀምሮ እምብርቴን እየዳበስኩ ነው።

ስሜ ገረመው ነው። ስም ያወጣልኝ ሰው ይህን ቀን አስቀድሞ ሳያየው አልቀረም። የምንኖረው ሜልበርን ዳር፣ ሜልተን በሚባል ሰፈር ነው፤ ሥራዬ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት መንዳት ነው። ባለቤቴ ስንዱ ነፍሰ ጡር ናት፣ ወሯ ገብቷል። የምትወልድበት ሆስፒታል ከቤታችን አርባ ኪሎ ሜትር ይርቃል። አሮጌዋ የቤንዚን መኪናዬ በአንድ ወር ሦስት ጊዜ መንገድ ላይ ስለገተረችን፣ ስንዱ «በናትህ መንገድ ላይ እንዳታስወልደኝ፤ ብታስወልደኝ ዕድሜ ልኬን አልለቅህም» አለችኝ። ስንዱ ደግሞ ካለች አለች ነው። ስለዚህ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ። ነጭ ናት። ቤታችን ከገባች ዛሬ አሥራ አንድ ቀኗ ነው፤ የወንበሯን ላስቲክ እንኳ ገና አላነሳሁም፣ እንዳይቆሽሽ ብዬ።

ዋናውን ቻርጀር ግድግዳ ላይ የሚገጥመው ባለሙያ ገና በሚቀጥለው ወር ነው የሚመጣው። እስከዚያ የምሰካት ጋራዡ ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያው አጠገብ ካለው ተራ ሶኬት ነው። እሱ ሶኬት ላይ ሌሊቱን ሙሉ ካላደረች አትሞላም። ትናንት ከሥራ ስገባ አራት ፐርሰንት ብቻ ቀርቷት ነበር። ሰካኋት፣ አረንጓዴ መብራቷ ብልጭ ብልጭ አለ። አማቴ እማማ አስካለ ልጃቸው ስትወልድ አራስ ሊንከባከቡ ከደሴ ከመጡ ሦስት ሳምንታቸው ነው። በሩ ላይ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና «እንዲህ እንደተሰካች ልታድር ነው?» አሉኝ።

«አዎ እማማ፣ እስኪነጋ።»

«ኧረ ጉድ!» ብለው አማትበው ገቡ። እኔም ስንዱን ምጥ ቢይዛት መኪናዬ ሙሉ ናት ብዬ፣ ሰላም ብዬ ተኛሁ።

ዓይኔን ስገልጥ፣ በሕልሜ ማለቴ ነው፣ ጋራዡ ውስጥ ቆሜያለሁ። ሸሚዜ እስከ ደረቴ ተገልጧል። እምብርቴ ላይ ወፍራም ጥቁር ገመድ ተሰክቷል። ግንባሬ ላይ አንድ አረንጓዴ ነገር ብልጭ ብልጭ ይላል። በስመአብ! ገመዱን በዓይኔ ተከትዬ ወደ ቤት ባይ፣ መኪናዬ ሳሎን ሶፋው ላይ ተንፈላሳ ቴሌቪዥን ታያለች። የፊት ጎማዎቿን ጠረጴዛው ላይ ሰቅላለች።

«አንተ! ስንት ሞላህ?» አለችኝ፣ ዘወር እንኳ ሳትል።

ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ እኔ ደግሞ አንቱ እላታለሁ። «አራት ፐርሰንት፣ እመቤቴ።»

«አራት? ሌሊቱን ሙሉ ተሰክተህ አራት? ምን ስትሠራ አደርክ?»

«ሳስብ።»

«እሱ ነዋ የሚጨርስህ! ስንቴ ልንገርህ፣ ሐሳብህን አጥፍተህ ተሞላ አላልኩህም?»

ክው አልኩ። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ዝናብ እንዳይነካት፣ ወፍ ኩሱን እንዳይጥልባት ስጠብቃት የነበረች መኪና እንዲህ ትናገረኝ! ላስቲኳን እንኳ ሳላነሳባት! መልስ ልሰጣት አፌን ስከፍት ከመኝታ ቤት የስንዱ ድምፅ መጣ።

«ገሬ! ያዘኝ!»

«እመቤቴ፣ ሚስቴን ምጥ ያዛት! ሆስፒታል እንሂድ!»

«ሰው ከሰማንያ በታች ሆኖ መንገድ አይወጣም» አለች መኪናዋ። ትንሽ አሰበችና «ለነገሩ እኔም ሐኪም ማየት አለብኝ፣ ግራ ጎማዬን ይቆረጥመኛል። በል እዘለኝ» አለች።

«ምን ላድርግ?»

«እዘለኝ! ጀርባ የለህም?»

እማማ አስካለ ከየት ብቅ እንዳሉ እንጃ፣ ለሕፃኑ ከደሴ ያመጡትን አንቀልባ ይዘው ደረሱ። «ጎንበስ በል ልጄ፣ ጎንበስ» አሉና መኪናዋን ጀርባዬ ላይ ጣል አድርገው ጥፍር አድርገው አሰሩልኝ። ስንዱ ሆዷን ይዛ የኋላውን በር ከፈተችና ገብታ ተቀመጠች። ላስቲኩ ሲንኮሻኮሽ በጆሮዬ ሰማሁት። ሁለት ቶን መኪና ከነሚስቴ አዝዬ፣ ገመዱን ከእምብርቴ እየጎተትኩ፣ ወጣሁ።

አውራ ጎዳናው፣ ፍሪዌዩ፣ በሰው ተጨናንቋል። ሁሉም መኪናውን አዝሎ ይገሰግሳል። አንዱ መንታ ስለሆኑበት አንዷን ከፊት አንዷን ከኋላ ይዟል። አንድ ሽማግሌ አሮጌ የጭነት መኪና አዝለው «እሹሩሩ» እያሉ ጀርባቸውን ያወዛውዛሉ፤ የጭነት መኪናው ግን አልተኛላቸውም። ፀሐይዋ ራሷ አስፋልቱ ዳር ቁጭ ብላ የፀሐይ ሰሌዳ ከተለጠፈባቸው ጣሪያዎች ብርሃን ትለምናለች። «ትንሽ ጨምሩልኝ፣ ለከሰዓት አይበቃኝም» ትላለች። ጣሪያዎቹ ሰምተው እንዳልሰሙ ዝም አሏት። አንጀቴን በላችኝ፤ ግን እኔ ራሴ አራት ፐርሰንት ነኝ፣ ለማን ልሰጥ?

ፊሽካ ተነፋ። አንዲት ካንጋሮ የትራፊክ ፖሊስ ልብስ ለብሳ ዱብ ብላ ፊቴ ቆመች።

«መኪናህ አንገቷ ተንጋዷል። አስተካክለህ እዘላት።»

«እሺ።»

በመስኮቱ አጎንብሳ ስንዱን አየቻት። «አንቺስ፣ ስንት ሞላሽ?»

«ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን» አለች ስንዱ እያማጠች።

«ሞልተሻል! እለፊ።» ወደ እኔ ዞረችና መዳፏን ሆዴ ላይ አሳረፈች። ፊቷ ጥቁር አለ። «አንተ ግን አራት ነህ። ሚስትህ ሞልታ አንተ ባዶህን? አታፍርም?»

እኔኮ ያፈርኩት ገና ሳትጠይቀኝ ነው። በመዳፏ ገፍታ ወደ መሙያ ጣቢያው አስገባችኝ።

እዚያ ያየሁትን ብነግራችሁ አታምኑኝም። አሥራ ሁለት ቻርጀሮች ሰልፍ ይዘው ሰው ይጠብቃሉ። ገመዳቸውን በክንዳቸው ጠቅልለው ይገፋፋሉ፣ «እኔ ነኝ ቀድሜ የመጣሁት!» ይባባላሉ። እኔን ሲያዩ ሁሉም ተንጋጉ። «ጌታዬ፣ በሞቴ እኔን ይሰኩ! ከጠዋት ጀምሮ እጅ አልነካኝም!» በውኔ እኔ ነበርኩ ተራ ስጠብቅ የምውለው። ደስ አለኝ። አንደኛውን ጠራሁት።

«ስም?» አለኝ።

«ገረመው።»

«የአባት?»

«ተሰማ።»

«የአያት?»

«ወልደሰንበት።»

«ጥሩ። አያትዎ መጥተው ይፈርሙ።»

«አያቴ እኮ ከሞቱ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል!»

«እንግዲያው እስኪመጡ አረፍ ይበሉ።»

ሁለተኛው ደግሞ «እኔ የምሞላው የተናደደ ሰው ብቻ ነው። ተናደዋል?» አለኝ።

«ተናድጃለሁ እንጂ! ጨሻለሁ!»

«ስንት ፐርሰንት?»

«መቶ!»

«አዝናለሁ፣ ከሰማንያ በላይ አንቀበልም። ባትሪ ይጎዳል።»

ሦስተኛው «ተበላሽቻለሁ» የሚል ወረቀት ደረቱ ላይ ለጥፎ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል። የቀሩት ሁሉ እሱን አንቱ ይሉታል፣ ወንበር ይለቁለታል። ልነካው ስል «እጅህን!» ብሎ አንባረቀብኝ። በዚህ መሃል ስንዱ ከጀርባዬ «ገሬ! ልጄን!» ብላ ስትጮኽ፣ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ፣ ከነመኪናዬ፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ድም፣ ድም፣ ድም የሚል ኮቴ ሰማሁ። ቀና ስል ሆስፒታሉ ራሱ አምስት ፎቁን ተሸክሞ እያነከሰ ይመጣል። በመስኮቶቹ አያለሁ፤ ሐኪሞቹ አልጋ ላይ ተኝተዋል፣ በሽተኞቹ ብርቱካን ይዘው ይጠይቋቸዋል። ሆስፒታሉ የእግረኛ መንገዱ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና በረጅሙ ተነፈሰ።

«ገረመው የምትባለው አንተ ነህ? ብጠብቅ ብጠብቅ ስትቀርብኝ መጣሁ።»

ተንደርድሬ ደረጃውን ሳምኩት። «እግዜር ይስጥልኝ! ዕድሜ ይስጥህ! ስንዱ፣ ውረጂ፣ መጣልን!»

«ቆይ፣ አትቸኩል» አለ ሆስፒታሉ። «መብራት የለኝም። መብራት የሚያመጣው አባትየው ነው። አልነገሩህም?» የገመዱን ሌላውን ጫፍ ከመሬት አነሳና በሩ ላይ ሰካው።

አምስቱም ፎቅ ብልጭ አለ። እኔ ደግሞ ጨለመብኝ። አራቱ ሦስት ሆነ፣ ሦስቱ ሁለት ሆነ። እጄን ማንሳት አቃተኝ። እንዲያ ሆኜ ሳለ ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ።

«ሃሎ፣ አባዬ?» አለ አንድ ቀጭን ድምፅ።

«ማን ልበል?»

«ልጅህ ነኝ። ከውስጥ ነው የምደውለው። ስንት ቀረህ?»

ልዋሸው ነበር። አልቻልኩም። «ሁለት።»

«በሁለት ነው እኔን የምታሳድገኝ?»

«አይ የኔ ጌታ፣ እሞላለሁ፣ እስኪነጋ ብቻ…»

«እንግዲያው አልመጣም። መብራት ሲመጣ ጥራኝ» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

በዚያ ሕልም ውስጥ ካየሁት ሁሉ ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። መኪና ማዘሉ ይሁን፣ ካንጋሮዋም ትሁን። ልጄ ግን አልመጣም አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ የማስበው እኮ ስለ እሱ ነበር፤ በምኔ ነው የማሳድገው፣ ለእሱ እበቃ ይሆን ወይ እያልኩ። ልጁ አራቱንም ፐርሰንት ከውስጥ ሆኖ ሲያይ ነው የከረመው ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ እማማ አስካለ እየሮጡ ደረሱ። አንገታቸው ላይ እንደ መቁጠሪያ ያጠለቁት የሶኬት መሰኪያ ብቻ ነው፤ የፍሪጁ፣ የቴሌቪዥኑ፣ የዋይፋዩ፣ የካውያው። «ተሰክቶ ማደር ብሎ ነገር ምንድን ነው! መብራት ሄዶ ሲመጣ ያቃጥልሃል!» አሉና እምብርቴ ላይ ያለውን ገመድ በሁለት እጃቸው ይዘው መነጨቁት።

ጭልም! ሆስፒታሉ ጠፋ፣ ፍሪዌዩ ጠፋ። ሜልበርን በሙሉ፣ ልክ እንደ ልጅነቴ ሰፈር፣ በአንድ ድምፅ «ኤጭ!» አለ። በጨለማው ውስጥ ስንዱን ብጠራት፣ መኪናዋን ብጠራት፣ የሚመልስልኝ ጠፋ። ቆይቶ ቆይቶ ከሩቅ አንድ ሰው «መጣ!» ሲል ሰማሁ። ያቺን «መጣ!» ታውቋታላችሁ፤ መብራት ጠፍቶ አምሽቶ ብልጭ ሲል ሰፈሩ በሙሉ የሚጮኻት ናት። ደስታዬን አልቻልኩትም። «መጣ! መጣ! ልጄ፣ መጣ!» ብዬ ጮህኩ፤ በራሴ ጩኸት ነቃሁ።

ነግቷል። መስኮቱ ነጭ ሆኗል፣ አልጋው ላይ ብቻዬን ነኝ። ጩኸቱ ግን አልቆመም። እማማ አስካለ ኮሪደሩ ላይ «መጣ! ኧረ መጣ!» ይላሉ። እኔም ከእንቅልፌ በቅጡ ሳልላቀቅ፣ ተመስገን፣ መብራት መጣ ብዬ በባዶ እግሬ ወደ ጋራዡ ሮጥኩ።

አረንጓዴው መብራት የለም። ገመዱ በጥንቃቄ ተጠቅልሎ፣ ጫፉ አቧራ እንዳይነካው በፌስታል ታስሮ፣ ልብስ ማጠቢያው ላይ ተቀምጧል። በመስኮቷ አጮልቄ የመኪናዋን ስክሪን አየሁ። አራት ፐርሰንት።

«እማማ! ማን ነው የነቀላት?»

«እኔ ነኛ!» አሉ ከኋላዬ ደርሰው። «አንተማ እንደተሰካች ጥለሃት ተኛህ። ሌሊት መብራት ሄዶ ሲመጣ አዲስ መኪና ድብን ይበል? ፍሪጁንም ነቅዬልሃለሁ።»

«እማማ፣ እዚህ አገር እኮ መብራት አይሄድም!»

«ካልሄደ አንተ ምን መጥቶልህ ነው ሌሊቱን መጣ መጣ ስትል ያነጋኸው? ስንቀሰቅስህ ስንቀሰቅስህ እምቢ ብለህ!»

«እርስዎስ? እርስዎ ምን መጥቶ ነው የሚጮኹት?»

ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው አሰሩና የመኪናዋን የኋላ በር ከፈቱት። ስንዱ ለካ ምጥ ይዟት እዚያ ኋላ ወንበር ላይ ኖራለች። ቦርሳዋን ጉልበቷ ሥር ጥላ፣ የፊተኛውን ወንበር በሁለት እጇ አንቃ ይዛለች። ላስቲኩ ተንኮሻኮሸ።

«ገሬ፣ ንዳ!» አለች። «በናትህ ንዳ!»

«ስንዱዬ… አራት ፐርሰንት ናት።»

ስንዱ ያየችኝን አስተያየት እስክሞት አልረሳውም። ስልኬን አምጥቼ አምቡላንስ ልጠራ ዞርኩ። እማማ አስካለ በሩ ላይ ተንበረከኩ፣ ጎንበስ ብለው አዩ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

«ሂድ ንጹሕ ፎጣ አምጣ» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ። «መኪናዋን ተዋት። ልጅህ እንደሆነ ሞልቶ ነው የመጣው።»