ሰባት አያት የሚጠይቅ ፕሮግራም

ሰው መፈለግና ሰው ማግኘት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው። ድሬዳዋ ውስጥ አንድን ሰው በስሙ ብቻ ብትፈልጉት ውላችሁ ትገባላችሁ፤ የማን ልጅ እንደሆነ ብትናገሩ ግን ቁርስ የበላበት ቤት ድረስ የሚያደርሳችሁ አታጡም። እዚሁ ተወልጄ ያደግሁት እኔ ይህን እንዴት እንደዘነጋሁ አይገባኝም። ምናልባት ስለተማርኩ ይሆናል።

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ አንድ ዓመት ሙሉ ሥራ ፈትቼ ነበር። በመጨረሻ አንድ የባጃጅ ማኅበር ወደ ሳቢያን ሰፈር ለሚሄደው መስመር ተራ የሚይዝ የኮምፒውተር ፕሮግራም እንድሠራ ፈቀደልኝ። አንድ ቀን ተሞክሮ ከሠራ እቀጠራለሁ፣ ካልሠራ ወደ ወላጆቼ ሶፋ እመለሳለሁ። እስከዚያ ተራ አስከባሪው አው ዩሱፍ የሚባል ሽማግሌ ነበር፤ ደብተር የለው፣ ያለው ፊሽካና ጭንቅላት ነው። አንቱ ብዬው ስንት ዓመት የሆነኝ መሰለህ ብሎ ስለተቆጣኝ በአንተ እቀጥላለሁ።

የፕሮግራም ቋንቋው ነገር ቀላል ነው። ክላስ ማለት በሐሳብ ያለው ባጃጅ ነው፤ ኦብጀክት ደግሞ ጎማው ተንፍሶ መንገድ ላይ የቆመው ባጃጅ ነው። ኦብጀክት የተጠየቀውን ካላወቀ ክላሱን ይጠይቃል፣ ክላሱ ካላወቀ የክላሱን አባት፣ ከዚያም አያቱን። እነሱም ካላወቁ «አልተገኘም» ብሎ ቀጥ ይላል። እኔም ሾፌሮቹን ሁሉ ኦብጀክት አድርጌ በስምና በአባት ስም መዘገብኳቸው። እኛ ቤት ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ ሰባት ቤት የሚቆጠረው ለጋብቻ ነው፣ ለጋብቻ ደግሞ እኔን የጠየቀኝ የለም።

በሙከራው ጠዋት መሐመድ አህመድ የሚባል ሾፌር ተራዬ ደረሰ ብሎ መጣ። ፕሮግራሙ ተራህን ወስደህ ሄደሃል አለው። ሰውየው እኔ እዚህ ቆሜ ማነው የሄደው ሲል፣ አንገት ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ለካ መሐመድ አህመድ የሚባሉት ሦስት ናቸው! ኋላ የተመዘገበው የፊተኛውን እየደመሰሰ፣ ፕሮግራሜ ሦስቱን አንድ ሰው አድርጓቸዋል። ሶፋው በዓይኔ ላይ ዞረ።

አው ዩሱፍ ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ፣ አቦ ልጁን ተዉት አለና፣ ሦስቱንም አያት ቅድመ አያታቸውን ጠየቃቸው። እንደ ስልክ ቁጥር አወረዱት። ሁለቱ እስከ አያታቸው ድረስ ስማቸው አንድ ነው፤ የተለያዩት ቅድመ አያት ላይ ነው።

እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ሰባት አያት ያልቆጠረ ሰው እንዳይቀበል አድርጌ ፕሮግራሙን አረምኩት። ሠራ! የማኅበሩ ሊቀመንበር ደስ ብሎት፣ እንግዲህ አንተም ተመዝገብና ሥራ ጀምር አለኝ። ስሜን ጻፍኩ፣ አባቴን፣ ምድር ባቡር ይሠራ የነበረውን አያቴን። ከዚያ በላይ ባዶ ነው። አባቴ ጋ ብደውል አጎትህን ጠይቅ አለኝ። የገዛ እጄ ሥራ «አልተገኘም» አለኝ።

አው ዩሱፍ አዘነልኝ። በቃ የእኔ ልጅ ሁን፣ የእኔን ጻፍ ብሎ አያቶቹን አንድ በአንድ አስቆጠረኝ። ገባሁ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ፀሐዩ ነው አልኳቸው።

አንድ ነገር ግን ረስቼ ነበር፤ በዚህ ቋንቋ ልጅ የአባቱን ሙያ እንዳለ ይወርሳል። በሳምንቱ አው ዩሱፍ ጉልበቴ እምቢ አለኝ ብሎ ጡረታ ጠየቀ። ማኅበሩ በቦታህ ማንን እንቀጥር ቢለው፣ ልጅ እያለኝ? አለ።

ተቀጠርኩ። ይኸው በዲግሪዬ ፀሐይ ላይ ቆሜ ሳቢያን፣ ሳቢያን እላለሁ። ፊሽካው የአባቴ ነው።