ለስፖርት ወጥቼ ለቅሶ ተቀመጥኩ

ዛሬ ጠዋት የሆንኩትን ብነግራችሁ ፈጥራ ነው ትሉኛላችሁ!

እማዬን አምና ስኳር እንደወሰደብኝ ታውቃላችሁ። ሰሞኑን እኔም ስመረመር ሐኪሙ ውጤቱን አየና "እህቴ፣ አንቺም አፋፉ ላይ ነሽ። ካልተንቀሳቀስሽ መድኃኒት መጀመርሽ ነው" አለኝ።

ፈራሁ። የምሬን ነው፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ጂም ስንቴ ተመዝግቤ እንዳቋረጥኩ ምስክሮቼ እናንተው ናችሁ። ፎቶዬን ላይክ ስታደርጉ የነበራችሁት! አሁን ግን የአነቃቂ ተናጋሪዎችን ቪዲዮ ሳይ ሰነበትኩና "ዋናው ማይንድሴት ነው" የሚሉት ነገር ገባኝ። ትናንት ማይንድሴቴን አስተካክዬ ተኛሁ።

ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ። ተአምር!

ችግሩ ቱታው ነው። ጠቦኛል፣ ምንም የሚደብቀው ነገር የለም። የሰበታ ጎረቤት ደግሞ ከዶሮ ቀድሞ ነው የሚነሳው። አፈርኩና የሀዘን ጥቁር ነጠላዬን ከላይ ተከናንቤ፣ በአስፋልቱ ዳር ወደ አለም ገና ሩጫ ጀመርኩ።

ሩጫ ስላችሁ... ማለክለክ በሉት። ብርዱ ዓይኔን ያስለቅሰኛል፣ አፍንጫዬንም አልማረው።

ሰው የሞላ ሚኒባስ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ረዳቱ በሩን በርግዶ "እህት፣ ግቢ ግቢ! እናደርስሻለን!" አለኝ።

"አይ፣ ስፖርት እየሠራሁ ነው" ማለት ነበረብኝ፣ አይደል? ያ ሁሉ ሰው ግን አፍጥጦ ያየኛል።

ገባሁ!

ተጠጋግተው ቦታ ሰጡኝ። አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ፣ ረዳቱ ኦቦ ቱሉ የሚላቸው፣ ጥቁር ነጠላዬን አይተው እጄን ያዝ አደረጉኝ።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ማን ሞቶብሽ ነው?"

ያ የተስተካከለው ማይንድሴት የት ገባ?

"እናቴ" አልኩ።

ውሸት እኮ አይደለም! አምና ሆነ እንጂ ሞታለች።

ታክሲው "ውይ! ውይ!" በሚል ድምፅ ተሞላ። ሹፌሩ ሙዚቃውን ዘጋ። ረዳቱ ሂሳብ አልቀበልም አለኝ። ኦቦ ቱሉ "እግዜር ያጥናሽ። ምን አገኛቸው?" ሲሉኝ "ስኳር" አልኩና እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። አምና ለቀስተኛ ሳስተናግድ ስሯሯጥ ያላለቀስኩትን ሁሉ፣ ዛሬ ቱታ ለብሼ አለቀስኩት። የማላውቃቸው ሰዎች "አይዞሽ" እያሉ ጀርባዬን ይደባብሱኛል።

አለም ገና ወረድኩ። ቢያንስ እየሮጥኩ መመለስ እችል ነበር። ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ታክሲ ይዤ ተመለስኩ!

አሁን ከነቱታዬ አልጋ ላይ ነኝ። ችግሩ ያ ታክሲ ጠዋት ጠዋት በዚያው መንገድ ነው የሚያልፈው። ነገ ብወጣና አሁንም ቢቆሙልኝ፣ "አባባ፣ ዛሬ ማንም አልሞተም፤ እናቴን እንዳልከተላት ነው የምሮጠው" ማለት ይህን ያህል ይከብዳል?

እናንተ ብትሆኑ ትሉታላችሁ፣ ወይስ እንደኔ ትገባላችሁ?