ዜና ማርጎ፣ በዓሣው ዓርብ ቡድን ያቆመች

ንጽሐፍ እንከ ዜናሃ ለማርጎ ስታኮዊያክ። የቦውሊንግ ቤቱ ሰባተኛ መስመር ፒን ማቆሚያ ማሽን በተጠገነ በሦስተኛው ዓመት፣ በወርኃ ኅዳር፣ በዊስኮንሲን ምድር በአልደርቪል ከተማ፣ ኳሷ ከባድ ልቧ ቀላል የሆነች ይህች ልጅ፣ አሥራ ሁለተኛና የመጨረሻ ክፍሏን ስትማር ሳለች፣ በትምህርት ቤቷ ኳስ አንከባልሎ አሥር ፒን የሚጥል የልጃገረዶች የቦውሊንግ ቡድን ታቆም ዘንድ ተነሣች።

የስፖርት ኃላፊው አቶ ሃልቨርሰንም፣ ባለ ፊሽካው፣ የቁልፎች ሁሉ ጌታ፣ እስከ ዓርብ ማታ የአምስት ልጆች ስም ካልመጣ ዘንድሮ ቡድን የለም ሲሉ አወጁ። ሌሎች ለከርሞ ይሞክራሉ፤ ለማርጎ ግን ከርሞ የለም። ሦስት ዓመት ሙሉ የወንዶቹን ነጥብ ስትጽፍ ኖራ፣ አንዲት ኳስ በትምህርት ቤቷ ስም ሳትወረውር ልትመረቅ ነው።

ሠራዊቷም እሊህ ነበሩ፦ በኳስ ምርጫ እንኳ የሚጣሉት የኦልሰን መንትዮች ኢንግሪድና ካያ፣ ቺፕሷን ሳታስቀምጥ የምትወረውረው ጁን ፔትሪ። ከራሷ ጋር አራት። ስለ አምስተኛይቱም በወይዘሮ ዶቲ ቦውሊንግ ቤት በር ላይ የስም መመዝገቢያ ወረቀት ለጥፋ እስክሪብቶ በክር አሰረች።

ነገር ግን ዕለቱ ዓርብ ነበረ፤ ዓርብ ደግሞ አገሩ ሁሉ ለተጠበሰ ዓሣ ወደዚያ ቤት ይተማል፤ በር ላይ ወረቀት ያየ ሁሉ ሳያነብ ስሙንና የቤተሰቡን ቁጥር ጽፎ ጠረጴዛ ይጠብቃል። በአሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ አርባ አንድ ስም ተገኘ። ማርጎ ቆጥራ በደስታ ዘለለች፤ ከዚያ ስሞቹን አነበበችና ቁጭ አለች። ጡረተኛው ፖስተኛ አለበት፤ ቀብር አስፈጻሚው አለበት፤ «ሃልቨርሰን፣ ስድስት ሰው» የሚልም አለበት።

ወይዘሮ ዶቲም በድምፅ ማጉያ አወጁ፦ «ጎበዝ፣ ይሄ የዓሣ ወረቀት አይደለም፤ የሴት ልጆች ቡድን ነው። ጢም ያለው ሁሉ መጥቶ ስሙን ይሰርዝ።»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ፤ ተራው የጠፋበትም አጉረመረመ። ያን ጊዜ ዝምተኛይቱ ሮዛሊ፣ የኃላፊው ልጅ፣ ከአባቷ ጀርባ ወጥታ፣ «ስድስት» የሚለውን ሰርዛ «አንድ፣ ሮዛሊ» ብላ ጻፈች። አባትየውም እኔ የተመዘገብኩት ለዓሣ ነው ብለው በሕዝብ ፊት መሰከሩ።

«አንተ ለዓሣ፣ እኔ ለኳስ» አለች። «አባዬ፣ አምስት ሆነናል፤ ፈርምልን።»

አባትየውም በባዶ ሆዳቸው ፈረሙ።

ወዲያውም ማርጎ የመጀመሪያዪቱን ኳስ ለቀቀች፤ ኳሷም አንድ ፒን ሳትነካ ቀጥ ብላ ከመስመሩ ዳር ያለው ቦይ ገባች። አምስቱም አሥሩ ፒን እንደወደቀ ሁሉ ተቃቅፈው ጮኹ። እኔ የቤቱ የቦውሊንግ ጫማ አከራይ፣ የዚህ ዜና ጸሐፊ፣ የሰው ጫማ ታቅፌ አለቀስሁ፤ አላፍርም።

ውዳሴ ይገባታል ለማርጎ፣ አገር ለዓሣ በተሰለፈበት ቀን ጭፍራዋን ላቆመች፣ እቴጌ ዘሰባቱ መስመሮች! ነጥቧ ዜሮ ነው። የጻፍሁት ግን በትምህርት ቤቷ ስም ነው።