ጓድ ለምን እና የሐይቁ ቄጠማ

ሰው ሁሉ ልብሱን አራግፎ ሊነሳ ሲል «አንዲት ትንሽ ጥያቄ አለችኝ» የሚል ሰው የሚጠፋበት ስብሰባ የለም። ከዚህ ሰው ያመለጠ ቀበሌ ካለ ንገሩኝና ጓዜን ጠቅልዬ ልምጣ። የእኛው፣ የአዋሳው፣ መረብ ጠጋኙ ጋሼ ማቴዎስ ነበሩ። ሰፈሩ የሰጣቸው ማዕረግ «ጓድ ለምን» ነው።

እኔ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ እየበለትኩ የምሸጥ ሴት ነኝ። ከአራተኛ ክፍል ትምህርቴን ሳቋርጥ፣ ሌላው ቢቀር ከጥያቄ ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ጓድ ለምን ግን ከመደቤ ፊት ለፊት መረባቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ።

«አንቺ ብርቅዬ፣ አምባዛ ጢም ኖሮት ቆሮሶ የሌለው ለምንድን ነው?»

«እኔ ምኑን አውቄው ጋሼ!»

«ሃያ ዓመት ስትበልቺ አንድ ቀን አልገረመሽም?»

አልገረመኝም። ደክሞኝ ነበር።

ክሊኒክ ሄደው ክኒኑ ለምን ነጭ እንደሆነ ሲጠይቁ፣ ከኋላቸው የተሰለፈው በሽተኛ ሁሉ በራሱ ጊዜ ድኖ ቤቱ ገባ ይባላል። ጸሎት ቤታቸው በደርግ ሳይዘጋ በፊት ደግሞ ሰባኪው ስለ ኖኅ ሲያስተምሩ ብድግ ብለው «ዓሦቹ ለምን ሳይቀጡ ቀሩ?» አሉ። ሰባኪው እስከ ዛሬ እያሰቡበት ነው።

ታዲያ አንድ እሑድ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ጉልላት ሰበሰቡን። ለአብዮቱ በዓል ከላይ እንግዶች ይመጣሉ፤ ስለዚህ በሚቀጥለው እሑድ ነዋሪው በዘመቻ ወጥቶ የሐይቁን ዳር ቄጠማ ከሥሩ ይነቅላል። ሐይቁ ከመንገድ ይታይ፣ ትንኙም ይጥፋ። አጨበጨብን።

«ጥያቄ ያለው?»

«አንዲት ትንሽ ጥያቄ አለችኝ።»

አዳራሹ አቃሰተ።

«ዓሣ ልጆቹን የት ነው የሚያሳድገው?»

«ውሃ ውስጥ ነዋ፣ ጓድ ማቴዎስ!»

«ውሃው ውስጥ የት?»

«ውሃ ውሃ ነው!»

ጓድ ለምን ከአግዳሚው ሥር በጆንያ የተሸፈነ ሳፋ አወጡና እየተንገዳገዱ ወስደው ጠረጴዛው ላይ አሳረፉት። የፈሰሰው ውሃ ቃለ ጉባኤውን አራሰው። በሳፋው ውስጥ ከነጭቃው የተነቀለ አንድ እቅፍ ቄጠማ ነበር። ከፊት የተቀመጥነው አንገታችንን አሰገግን። በሥሮቹ መካከል እንደ መርፌ የቀጠኑ የቆሮሶ ጫጩቶች ይርመሰመሳሉ።

«ከወፍና ከትልልቅ ዓሣ የሚደበቁት እዚህ ነው» አሉ። «ጭቃውንም እዩት፣ ሥሩ እንዴት ጨምድዶ እንደያዘው። እሱ ባይኖር የክረምቱ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ሐይቁ ውስጥ ይከተዋል። ለበዓል የሚጎዘጎዘውንኮ ከላይ ነው የምናጭደው፤ ተመልሶ ይበቅላል። ከነሥሩ ለምን?»

የጓድ ጉልላት ፊት ጠቆረ።

«አሁን እኔ ልጠይቅዎት። ዘመቻውን ለማደናቀፍ ነው የመጡት?»

በዚያ ዘመን ይህን ጥያቄ ተጠይቆ ቤቱ ያልተመለሰ ሰው እናውቃለን። ጓድ ለምን ጆንያውን መልሰው ሳፋው ላይ ጣል አደረጉ። ከመደቤ ፊት ለፊት ያለው ቦታ ባዶ ሆኖ ታየኝ። መረብ የለ፣ «አንቺ ብርቅዬ» የለ። ስንት ዓመት የተመኘሁት ጸጥታ ነበር፤ ሲመጣ ግን አልፈለግኩትም።

«አንዲት ትንሽ ጥያቄ አለችኝ» አለ አንድ ድምፅ። የእኔ ነበር።

«ዘንድሮ ለእንግዶቹ ያለውን ዓሣ እንጠብሳለን። ለከርሞ ሲመጡስ ምን ልንጠብስላቸው ነው?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ጓድ ጉልላት ቅዳሜ ቅዳሜ ትልቁን ቆሮሶ ከእኔ ነው የሚወስዱት። ሳፋውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ የራሰውን ቃለ ጉባኤ አራገፉ።

«ጉዳዩ በኮሚቴ ይጠና» አሉ።

በኮሚቴ ይጠና የተባለ ነገር በቀበሌያችን ከቦታው ተነቃንቆ አያውቅም። ቄጠማው ዳነ፤ ጓድ ለምን ሳፋቸውን ይዘው ተመልሰው ከጎኔ ተቀመጡ፤ ሁላችንም ተነፈስን። ወዲያው እጃቸው እንደገና ወደ ላይ ሲሄድ አየሁ።

የኮታቸውን ጫፍ ይዤ ጎተትኩ።

«ኧረ በእግዜር ይቀመጡ ጋሼ!»

ዞረው አዩኝ።

«ለምን?» አሉ፣ ከልባቸው ማወቅ ፈልገው።