ከሞተር ወርዶ ሰላምታ

ሞተር ብስክሌት ያለው ሰው ቶሎ ያደርሳል ብላችሁ ታምናላችሁ? እንግዲያው የሮቤውን ወዳጄን ታደሰን አታውቁትም። ታደሰ ፈረስ ላይ ያደገ ሰው ነውና ሽማግሌ አይቶ ሳይወርድ አያልፍም።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ቤንዚን በኩፖን ነበር። ጎባ የእጮኛዬ አባት ለምሳ እየጠበቁኝ ስለነበር ታደሰ አፈናጠጠኝ። የገበያ ቀን ሆነና መንገዱ በሽማግሌ ተሞልቷል። እሱ በየደረሰበት እየወረደ፣ "አካም ጅርቱ? ልጆቹስ? ከብቱስ? ገብሱስ?" ይላል። በዚህ ብርድ ከጠፋ አይነሳም ብሎ ሞተሩን አያጠፋውም። ጎባ ሳንደርስ ቤንዚናችን በሰላምታ አለቀ።

ሞተሩን እየገፋን ሳለ፣ ገና ከሮቤ ስንወጣ ሰላም ያልናቸው ኦቦ ቃሲም በበቅሎ ደረሱብን። ታደሰ አሁን የሚወርድበት የለውም፤ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። እሳቸው በሐዘኔታ አዩንና፣

"ልጆቼ፣ ቀስ በሉ እንጂ። የሞተር ፍጥነት ሰው ይጨርሳል" ብለውን ቀድመው ሄዱ።