ጨው የሌለው ስንጥቅ

ባንዛመድም ሰፈሩ ሁሉ አጎቴ የሚላቸው አጎቴ ሜልቪን ካሃናኑይ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። በየማለዳው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሣሉ፤ ባሕሩን ለሩብ ሰዓት ቆመው ያዩታል፤ አንድ ሰሃን ሩዝ በእንቁላል ይበላሉ። ከዚያም እዚህ ሃዋይ፣ ማካሃ የባሕር ዳርቻ ላይ ያለውን የቆርቆሮ ጋራዣቸውን ከፍተው፣ ቆመን ሞገድ የምንጋልብባቸውን ሰሌዳዎች ሲጠግኑ ይውላሉ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ።

በዓለም ካሉ ባለሙያዎች ሁሉ ትዕግሥት አስጨራሹ፣ የተሰበረ ዕቃችሁን ከመቀበሉ በፊት እውነቱን ካልነገራችሁኝ የሚለው ነው። ሐኪም እንኳ የት እንዳመማችሁ ይጠይቃል እንጂ እንዴት እንደ ወደቃችሁ አያፋጥጣችሁም። ሊቀ ጠበብት ሜልቪን ግን ስብራቱን በመዳፋቸው ሸፍነው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ "መጀመሪያ ታሪኩን" ይላሉ።

የእሳት አደጋ ሠራተኛው ሲዮኔ፣ መቶ ሠላሳ ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ፣ አፍንጫው የተቆመጠ ሰሌዳ ተሸክሞ መጥቶ "ማዕበል ነው አጎቴ" አላቸው።

"ይሄ ማዕበል ጎማ አለው እንዴ?"

በገዛ መኪናው እንደሄደበት እስኪናዘዝ ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ምክትል ርእሰ መምህርታችን ደግሞ "ስገዛውም እንዲህ ነበር" በማለታቸው ብቻ ሦስት ሳምንት ያለ ሰሌዳ ከረሙ፤ ያዳኗቸው ባለቤታቸው ናቸው፣ መጥተው በማጋለጥ።

ከታሪኩ ቀጥሎ ምላስ ይመጣል። የሰሌዳው ቅርፊት ሲሰነጠቅ ውስጡ ያለው እንደ ስፖንጅ ውሃ የሚመጥ ፎም ይጋለጣል፤ አጎቴ ሜልቪን እሱን ይልሱታል። ጨው ካለው ባሕር ጠጥቷል ማለት ነው። የጠጣ ሰሌዳ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል፤ አሥር ቀን ጥላ ውስጥ ተሰቅሎ ይንጠባጠባል፤ እንደገና ይላሳል። እርጥበቱን ይዞ ሙጫ ከተቀባ ከውስጥ ይበሰብሳል ይላሉ፤ በዚህ ሕግ አገረ ገዥው ቢመጣ እንኳ አይበገሩም።

የእኔ ጉዳይ እንዲህ ነበር። ሃዋይን ወክሎ ታሂቲ ለሚሄደው የሞገድ ጋላቢዎች ቡድን ከሴቶች አንዲት ብቻ ትመረጣለች። የመጀመሪያው ዙር ባለፈው ቅዳሜ አለፈ፣ ሁለተኛውና የመጨረሻው በዚህ ቅዳሜ ነው፤ ያለኝም ሰሌዳ አንድ ነው። ሰኞ ጎኑ ተሰርጉዶ የተሰነጠቀውን ሰሌዳዬን ይዤ ሄድኩ።

"መጀመሪያ ታሪኩን፣ ኬሃው።"

"አለት መታው።"

"የቱ አለት?"

"በሰሜን በኩል ያለው።"

"ያንን አለት ሃምሳ ዓመት አውቀዋለሁ። ሰው ነክቶ አያውቅም።"

"እኔን ነካኝ።"

ስንጥቁን ላሱት፤ አፋቸውን አጣጣሙ፤ ትክ ብለው አዩኝ። "እሺ፤ አለት ካልሽ አለት" አሉና ጣሪያው ላይ ከተሰቀሉት አምስት ሰሌዳዎች መጨረሻ ሰቀሉት። "አሥር ቀን።"

"ቅዳሜ እኮ ውድድር አለብኝ!"

"አለቱ ይሄን ማሰብ ነበረበት።"

ማክሰኞ እናቴ በሰሊጥ ዘይትና በሽንኩርት ያሸችውን ጥሬ ዓሣ ይዤ ቀረብኩ። አንድም ሳያስተርፉ በሉት፤ እናቴን መረቁ፤ ሣህኑን አጥበው መለሱልኝና "ዘጠኝ ቀን" አሉ። ረቡዕ በደሴቱ ማዶ ላለ ሌላ ጠጋኝ ደወልኩ። ገና ስሜን ሳልጨርስ "አጎቴ ሜልቪን ምን አሉ?" አለኝ። ለካ በደሴቱ ላይ ሙጫ የሚቀባ ሰው ሁሉ የእሳቸው ተማሪ ነው። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያላለፍኩት ፈተና የለም፤ አንድ በቁምጣና በነጠላ ጫማ የሚዞር ሽማግሌ ግን እንደ ግድግዳ ከፊቴ ቆመ።

ሐሙስ ስገባ ሲዮኔ ወንበር ላይ ተቀምጦ ምሳውን ይበላ ነበር። ብቻቸውን እስኪሆኑ ለመጠበቅ ጊዜ አልነበረኝም።

"አለት አልመታውም" አልኩ።

"እ?" አሉ የብርጭቆ ወረቀታቸውን ሳይተዉ።

"መኪና ማቆሚያው ላይ ወረወርኩት። አስፋልቱ ላይ።"

"ለምን?"

"ሁለተኛ ስለወጣሁ። በአሥራ አራት ዓመት ልጅ ስለተበለጥኩ።"

"በስንት በለጠችሽ?"

"በግማሽ ነጥብ።"

"ግማሿን ማን ነው የከለከለሽ?"

ከአምስቱ ዳኞች አንዱ እሳቸው መሆናቸውን ማካሃ ሁሉ ያውቃል። "እርስዎ ነዎት" አልኩ። ሲዮኔን ሩዝ አነቀው።

አጎቴ ሜልቪን ተነሥተው ሰሌዳዬን አወረዱት። "ታዲያ ደረቅ ነዋ! መሬት ላይ የተሰበረ ሰሌዳ ምን ውሃ ይጠጣል? ዛሬ ሞልቼው ነገ አለሰልሰዋለሁ። ሰኞ ብትናገሪ ኖሮ ማክሰኞ ትወስጂው ነበር።"

"ሲልሱት ጨው እንደሌለው አላወቁም?"

"እንዴት አላውቅም?"

"ታዲያ ለምን ሰቀሉት?"

"አለት ነው አልሽ። አለት የመታው አሥር ቀን ይሰቀላል።"

በዚያች ደቂቃ በእጄ ሌላ የሚወረወር ነገር ባለመኖሩ ፈጣሪ ይመስገን።

ዓርብ ከሰዓት ሰሌዳዬን ተረከብኩ። ስንጥቁ የነበረበትን ቦታ በዓይኔም በጣቴም ፈልጌ አጣሁት። እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ብሩሽ ያጥቡ ነበር።

"ነገ አልዳኝም" አሉ።

"ተቀየሙኝ?"

"ምን ያስቀይመኛል? ጠዋት ለአዘጋጆቹ ደውዬ ወንበሩን ለሌላ ሰው ስጡት አልኳቸው። ምክንያት ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው።"

"ምን ብለው?"

"ሃያ ስድስት ዓመት ስዳኝ ማን ቢያሸንፍ ግድ ሰጥቶኝ አያውቅም። ዘንድሮ ግድ ሰጠኝ።"

ይህን ሰው ምን ይሉታል? የአራቱ ዳኞች ነጥብ ለእኔ ቁጥር ነው፤ ላስመልሳት የጓጓሁት የእሳቸውን ግማሽ ነበር። ተከራከርኩ፤ ለመንኩ፤ በመጨረሻም ተቆጣሁ። ብሩሹን አራገፉና በቃ እንደማለት እጃቸውን አነሡ። የሊቀ ጠበብት ሜልቪን ውሳኔ ይግባኝ የለውም፤ ነገ ከዳኞቹ ድንኳን ውጭ፣ አሸዋው ላይ፣ እንደ ማንም ደጋፊ ስሜን እየጠሩ ሊጮሁ ወስነዋል።