በእጁ ላይ ያበበው ሰዓት

ይመር አራጌ ሕልሙን ያየው ዛሬ ጠዋት ነው፤ ወደ ሥራ በሚወስደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ጭንቅላቱን መስኮቱ ላይ ደገፍ እንዳደረገ።

ይመር ኮምቦልቻ ባለ አንድ የክር ፋብሪካ የሰዓት ተቆጣጣሪ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በሩን እሱ ከፍቶ፣ ልክ ሁለት ሰዓት ሲሆን ጥርቅም አድርጎ ዘግቷል። አንድም ቀን አርፍዶ አያውቅም። ትናንት ክር ፈታይዋ ሽታዬ ሦስት ደቂቃ ዘግይታ ደረሰች። "ጋሽ ይመር፣ ልጄን ሳጠባ ነው" ብትለው ሰዓቱን አሳይቶ መለሳት። እሷ አንገቷን ደፍታ ስትሄድ ማየቱ ሲከነክነው አደረ።

በሕልሙ የፋብሪካው በር ላይ ቆሟል። እጁን ቢያይ ሰዓቱ ቁጥር የለውም። መስታወቱ ሥር እርጥብ አፈር ሞልቶ፣ መሃሉ ላይ አንዲት የባቄላ ቡቃያ ብቅ ብላለች። በሩን የሚጠብቀው መነጽር ያደረገ ቀይ በሬ ነበር።

"ስንት ሰዓት ነው?" አለ ይመር።

"ገና ቅጠል ነው" አለ በሬው። "በሩ የሚከፈተው አበባ ላይ ነው። ቀድመህ መጥተሃል፤ ቀድሞ መምጣት ደግሞ ወንጀል ነው።"

"እኔ እኮ ሰዓት ተቆጣጣሪ ነኝ!"

"እሱማ ጥፋትህን ያከብደዋል።"

ወዲያው በሩ ዋርካ ሆነ፤ ዋርካው ሥር ችሎት ተዘርግቷል። በአንድ ወገን ንቦች ጠረጴዛ ይዘው ተቀምጠዋል። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ኮፍያውን አውልቆ ፊታቸው ተሰልፏል፤ መሳቅ እንዲፈቀድለት ማመልከቻ አስገብቶ መልስ ይጠብቃል። ዳኛዋ ኤሊ ነበረች። ምስክር ተጠራ፤ የሽታዬ ጨቅላ ልጅ በእናቱ ጀርባ ላይ እንደታዘለ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ይኼ ሰውዬ እናቴን ከበር መልሷታል" አለ በሽማግሌ ድምፅ። "ማታ የጠባሁት ወተት ሐዘን ሐዘን አለኝ።"

ይመር መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ።

"ጥፋተኛ ነኝ" አለ። "ስንት ተፈረደብኝ?"

"እስክታብብ ድረስ ቁም" አለች ኤሊዋ።

"ስንት ቀን ይፈጃል?"

"እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? ባቄላዋን ጠይቃት።"

ቆመ። መቆሙ ሲበዛበት ጊዜውን ላፋጥነው ብሎ ቡቃያዋን ሳብ አደረጋት። ሥሯ ከገዛ የደም ሥሩ ጋር ተያይዞ ኖሮ "ዋይ!" ብሎ ጮኸ።

"ቢስቧት አትረዝምም" አለ ጨቅላው። "እኔንም እናቴ ጠብቃ ነው የወለደችኝ።"

ይመር እጁን ሰበሰበ። ሰዓቱን ወደ ጆሮው ቢያስጠጋ የተኛ ሕፃን ትንፋሽ የመሰለ ድምፅ ሰማ። መስታወቱ ውስጥ ካፊያ ጣለ፣ ፀሐይ ወጣች፣ ጨረቃ ሞልታ ጎደለች። ከሃያ ሁለት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቆጣጠረው ነገር አጣ፤ ትከሻው ላይ ሸክም እንደነበረ የገባው ያኔ ሲቀለው ነው። ከዚያ ባቄላዋ ቀስ ብላ አበባዋን ከፈተች፤ ነጭ ሆና መሃሏ የተኳለ ዓይን ይመስላል።

ዋርካው እልል ብሎ ተመልሶ በር ሆነ። ንቦቹ ማኅተማቸውን መቱ፤ ሥራ አስኪያጁ ሆዱን ይዞ ሳቀ። በሬው መነጽሩን ጥሎ እስክስታ ወረደ።

"ጋሽ ይመር፣ ስንት ሰዓት ሆነ?" አለች ሽታዬ።

"አበባ ነው! አበባ ሆነ!"

"ታዲያ ደረስኩ?"

"ደረስሽ እንጂ! ነይ ግቢ፣ እኔው እከፍትልሻለሁ!" ብሎ ወደ በሩ ሮጠ። ገና መዝጊያውን ከመንካቱ—

"ወንድሜ! ኧረ ወንድሜ! መጨረሻ ነው፣ ውረድ!"

ሾፌሩ ትከሻውን እየነቀነቀው ነው። ይመር ዓይኑን አሻሽቶ ወደ ውጭ ቢያይ ሐርቡ ደርሷል፤ ፋብሪካው ያለው ከኋላ፣ ኮምቦልቻ። ሰዓቱን አየ። ሦስት ሰዓት ተኩል! ስልኩ ኪሱ ውስጥ ይጮሃል፤ የፋብሪካው ጥበቃ ሰይድ ነበር።

"ጋሽ ይመር፣ የት ነህ? የበሩ ቁልፍ እኮ አንተ ጋ ነው! ሦስት መቶ ሰው ውጭ ቆሟል፤ ሥራ አስኪያጁም ጭምር።"

"ወይኔ! ምን ይላሉ?"

"መጀመሪያ ተቆጥተው ነበር። አሁን ሴቶቹ ዘፈን ጀምረዋል። ሽታዬም ልጇን ከቤት አስመጥታ፣ ጥላ ሥር ቁጭ ብላ እያጠባች ነው።"

ከስልኩ ውስጥ ጭብጨባ ይሰማል። ይመር ሊያዝን አሰበና ሳቁ ቀደመው። እየሳቀ ወደ ሾፌሩ ዞረ።

"ወንድም ዓለም፣ ወደ ኮምቦልቻ ስንት ሰዓት ላይ ትመለሳለህ?"

ሾፌሩ ባዶዎቹን ወንበሮች አየ፤ ይመርንም አየው።

"ሲሞላ ነዋ" አለ።